አንድ ኢንች

ነሐሴ ነው፤ ቴክሳስ። ጋርላንድ ተሰንጥቋል፣
ሜትሬን ብሰድበት ዋልካው ክንዴን ውጧል።
በመጋቢት ዝናብ ይኸው ደረቅ አፈር
እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ቤት ያነሣ ነበር።
የሚሲስ ኦዴልን በር አልዘጋ ያሰኘው፣
ግድግዳዋን ገምሶ ጣሪያ ያደረሰው
ይኸው ነው።
«ቤቴ ምን በደለ?» ብላ ብትጠይቀኝ
ምንም፣ አልኳት፤
የቆምሽበት መሬት ይተነፍሳል።

«መሐሉ ዳር፣ ዳሩ መሐል ይሆናል» ሲባል
ሰው ትንቢት ነው ይላል፤
ለእኔ የሥራ ዝርዝር ነው።
ዝናብ ዳሩን ያነሣል፣ ድርቅ መሐሉን ጉብ ያደርጋል፤
ሁለቱንም አሰላለሁ፣
ሁለቱንም እፈራለሁ።

ዛሬ አዲስ ወለል ነው፤ ሐሙስ የፈሰሰ ኮንክሪት፣
ሆዱ ውስጥ የብረት ጅማት።
ሮሄሊዮ ክሪኩን አስነከሰው፤ ፓምፑ አቃሰተ፤
ሠላሳ ሦስት ሺህ ፓውንድ።
ሰማያዊዋ የቀለም ምልክት አራት ኢንች መውጣት ነበረባት፣
ሦስት ላይ ቆመች።

የኩባንያው ሰው፣ ከፒክአፑ ሳይወርድ፦
«አንድ ኢንች እኮ ናት!»
አዎ፣ አንድ ኢንች ናት።
እዚህ ላይ ፍሪጅ ይቆማል፣ የሕፃን አልጋ ይገጣጠማል፣
ባልና ሚስት ተኳርፈው ጀርባ ይሰጣጣሉ፣
ከእግራቸው ሥር ይህ ሁሉ ውጥረት መኖሩን ሳያውቁ።
ማወቅም የለባቸው።

«ፍታውና ድገመው» አልኩት ሮሄሊዮን።
ላቡን በትከሻው ጠረገ፣ ምንም አላለም።
ብዕሬን ኪሴ መለስኩ።

ከመንገዱ ማዶ ሚሲስ ኦዴል
ቀጭን ቱቦ ይዛ የቤቷን ሥር ታጠጣለች፣
እንደ ጎመን መደብ፣
ዙሪያውን፣
ቀስ ብላ።