ሰማንያ አምስት ሳንቲ

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኮዬ ፈጬ፣ እኔ ቤት፣
አራት ወንድምና እህት፣ ሦስት ወንበር፣ አንድ ባልዲ ለመቀመጫነት።
በመስኮቱ ስንዴ ይታያል፤ ከስንዴው ማዶ ያላለቀ ፎቅ፣
ከተማው የት ላይ እንደሚያበቃ ራሱም የማያውቅ።

ስብሰባ ያለው አስናቀ ነው፤ አጀንዳው ግን ስም የለው፤
«ስለ አባባ ነገር» ብቻ፤ ሌላው ጉሮሮ ላይ የቀረው።

የሽወርቅ ከሰበታ ሦስት ታክሲ ቀያይራ መጣች፣
ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ሟርት ነው ይሄ» አለች፤
«ሰውዬው ቆሞ ይሄዳል፣ ጥርሱ እንኳን አልወለቀ፣
ምን ያስቸኩላል?» ስትል፣ ቀና አለና አስናቀ
«እማዬ ጊዜም…» ጀመረ፤
አልጨረሰውም፤ ቀረ።

ሁላችን እናውቃለን ያን የሆስፒታል ኮሪደር፣
ማን ይደር፣ ማን ይክፈል ብለን የተጯጯህንበትን አዳር።
በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።
ሰምታን ይሆን? ብሎ የጠየቀ የለም፤ ማንም አይደፍር።

ለዕድር በየወሩ ሳናጓድል እንከፍላለን፣
ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ለሬሳችን ተዘጋጅቶልን፤
ለሚከዳ ጉልበት ግን፣ ለሌሊቱ የሽንት ቤት መንገድ፣
መዝገብ የለን፣ ጸሐፊ የለን፤
ዝም ብሎ ማርጀት፣ ዝም ብሎ መውረድ።

ብስራት ስልኩ ላይ ያሰላል፤ ወር ለአራት ይካፈላል፣
«ሰባት ሰባት ቀን» ይላል።
እንደ ዕቁብ፣ እንደ ተራ፣ ዕጣ ሊወጣበት ነው፣
ሻንጣውን ይዞ ሊዞር ነው የሰባ ስምንት ዓመት ሰው።

ከዚያ ዝምታ ሆነ፤ ስድስት ዓይን ወደ እኔ ዞረ፣
ሴት ነኝ፣ ባል የለኝ፣ ቤቴ ግራውንድ፤ ስሌቱ ያኔ ተቋጠረ።
ማንም ምንም አላለም። ብድግ አልኩ፣ ጨርቅ ፈለግኩ፣
ያልቆሸሸ ጠረጴዛ ደጋግሜ ወለወልኩ።

በሩ ተንኳኳ። አባባ። ያልጠራነው፤ ከአቃቂ መጥቶ፣
ካፖርቱ አቧራ ጠጥቶ፣ የድሮ ሜትሩ ከኪሱ ወጥቶ።
ቀያሽ ነበር በማዘጋጃ ቤት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣
ያልለካሁት ቦይ የለም ይላል፣ ያልለካሁት አጥር፣ በከተማው ሁሉ።

«ደህና ዋላችሁ» አላለም፤ ተጠግቶ በሬን ለካ፣
ከመቃን እስከ መቃን፣ ሁለት ጊዜ፣ በጣቱ ነካ ነካ።
ከደብተሩ አነበበ፣ መነጽሩን በላስቲክ አስሮ፦
«አስናቀ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ደረጃው ስልሳ ስምንት፣ ተቆጥሮ።
የሽወርቅ፣ ግቢው ጥሩ፤ ሽንት ቤቱ ግን ውጭ፣ ጭቃ ተሻግሮ።
ብስራት፣ በሩ ሰፊ፣ አከራዩ ክፉ።»
ሳቅን፤ ከዚያ ዓይኖቻችን በየግድግዳው ላይ ዐረፉ።

መቼ ለካ? መቼ ቆጠረ? ለጥየቃ ሲመጣ፣
ብርቱካን በፌስታል ይዞ፣ ሲገባና ሲወጣ።

«ይኼ በር ሰባ ሳንቲ ነው፤ ባለጎማ ወንበር አያስገባም፤
ሰማንያ አምስት ይሁን። ዛሬ ቆሜያለሁ፤ በወደቅኩ ቀን ግን ግንበኛ አይጠራም።
ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ይላል የሀገሩ ሰው፤
ብሎኬቱን አስናቀ ያፍርስ፤ ክኒኔን ብስራት ይቁጠረው።
የእግሬን ጥፍር የሚቆርጥ ግን…» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣
«እሱን እናንተ ተነጋገሩ፤ ወገቤ ካጎነበሰ አይቃናም ቶሎ።
ደግሞ ይቺን» አለ፣ እኔን ሳያይ፣ ሜትሩን እየጠቀለለ፣
«ባል የላትም ብላችሁ ብቻ…» ዓረፍተ ነገሩን አንጠለጠለ።

የሽወርቅ ውልቅ ብላ ወጣች፤ ተቆጣች ብለን ስንሰጋ
ከማዶ ሱቅ ጥፍር መቁረጫ ገዝታ፣ ባልዲው ላይ ቁጭ አለች ከእግሩ ጋ።
ቀጭ።
ቀጭ።
አንዷ ተፈናጥራ ከፍሪጁ ሥር ገባ፤
«ጉንፋን ነው» አለች የሽወርቅ፣ ማንም ሳይጠይቃት ስለ እንባ።

ማክሰኞ ግንበኛው መጣ፤ መሮ፣ መዶሻ፣ አቧራ፤
ጎረቤቶቼ ወረዱ፣ አንዷ ስትቀድም አንዷ ስትፈራ፤
«ምነው? ማን ታመመ?»
«ማንም።»
«ታዲያ?»
መልስ አልነበረኝም። ብሎኬቱ ተንዶ
ብርሃን ዐሥራ አምስት ሳንቲ ጨምሮ ገባ፣ እስከ ባልዲው ድረስ ሄዶ።