ውሃ ልክ

ካርታዋን ዘርግተን፣ ጎንበስ ብለን ስናያት፣
ዊኒፔግ ሜዳ ናት፤
ዳገት ያልፈጠረባት፣
ከዳር እስከ ዳሯ አንዲት የከፍታ መስመር ብቻ ያላት።

ፕሮፌሰር ፍሪዘን ጭቃ በመዳፏ አድበልብላ፣
«ይህ የሐይቅ ወለል ነው» አለች፣ እጇን ወደ እኛ ዘርግታ፤
«የበረዶው ዘመን ሲያልፍ ቀልጦ የሞላ፣
ሹልክ ብሎ የሄደ ሐይቅ፣ ጭቃውን ትቶልን ኋላ።»

እኔ ከመጨረሻው ወንበር፣ የአርባ ሦስት ዓመት ጀማሪ፣
ቀን የጂኦግራፊ ተማሪ፣
ማታ አውቶቡስ አሽከርካሪ።

የቤት ሥራው ይህ ነበር፦
በረዶው በሚያዝያ ሲቀልጥ፣ ውሃው የት ነው የሚያድር?
ከሳተላይት የወረደ የከፍታ ቁጥር
ኮምፒውተሩ አሰላው፤ ሰማያዊ ቀባ፣ የወንዙን ዳር ዳር።
ሌላው ሰፈር ደረቅ።
ሁሉም «ልክ ነው» አለ። እግሬ ግን አሻፈረኝ፤
ስምንት ዓመት ፍሬን የረገጠ ቀኝ እግር አለኝ።

ሰልከርክ ጎዳና ላይ፣ ከጫማ ጠጋኙ ደጅ፣
መኪናው ሳልነካው ዝቅ ይላል፣ እጅ እንደሚነሳ ወዳጅ።
እዚያ ፌርማታ ላይ ኦልሃ የምትባል አሮጊት
በየሚያዝያው ትሳፈራለች፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ርሳ፤
«ዛሬም ባሕር ተሻገርኩ» ትለኛለች፣ እየሳቀች።
ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ማን ይንገራት?

እርሳስ አነሳሁ። ሰማያዊ ጨመርኩ፣ አሥራ ሰባት ቦታ።
ፕሮፌሰሯ አየችው፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ጥቂት ቆይታ።
«ምንጩ የታለ?» አለች።
«ከእግሬ ሥር» አልኳት።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
እሷ አልሳቀችም። ዴልፊንም፣ የቡድኔ ልጅ፣
«አባቴ» አለች ለራሷ ያህል፣ «ሐይቁ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ
በረዶው የሚሰነጠቅበትን ቀን በጆሮው ነው የሚያውቀው።»

ቅዳሜ፣ በጥቅምት ብርድ፣ ሦስት እግሩን ተከልነው ውሃ ልኩን፤
ዴልፊን ዘንጉን ይዛ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ፤ እኔ ሳነብ ቁጥሩን፦
ሃያ ሁለት ሳንቲም።
ከሰማይ ዓይን ያመለጠ፣ ሃያ ሁለት ሳንቲም ጉድጓድ።
ፕሮፌሰሯ ጻፈችው፣ ብርድ ባደነዘዘው እጅ፣
«ምንጭ» ከሚለው ዓምድ ሥር፦
የወንድይራድ እግር።

ሰኞ ማታ ኦልሃ ደወሉን ተጫነች።
«እዚሁ አውርደኝ፣ ልጄ።»
አስፋልቱ ደርቆ ነጥቷል።
«ትንሽ አለፍ ልበልና» አልኳት፤
«እዚህ ጋ ጥልቅ ነው።»