ቀዳዳ ፈላጊ

ጎሚስታ ነኝ፤ ጅማ፣ መናኸሪያው በር ላይ፣
ቀን መሬት ለመሬት፣ ማታ ማታ ሰማይ።

የጎማ ቀዳዳ ቀላል ነው፦ አየር ትሞላለህ፣
ከመነዳሪውን ገንዳ ውስጥ ደፍቀህ ዝም ትላለህ።
"የት ነሽ?" ሳትላት ራሷ ትናገራለች፣
ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ በአረፋ ትጠራሃለች።
ማስቲሽ፣ ልጣፍ፣ ሃምሳ ብር። አለቀ።

ያኛው ግን፣ ጥቁሩ ጉድጓድ፣ ብርሃን ገብቶ የማይመለስ፣
አረፋ እንኳ የማይተፋ፣
በየትኛው ገንዳ ነክሬ፣ በየት በኩል ልዳስስ?

ነገሩን ያመጣብኝ አንድ መጽሐፍ ነው፤
አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ብር ሲያጥረው
መያዣ ብሎ ትቶት ሄደ፣ አልተመለሰም።
ሽፋን የለው። የሚጀምረው ከገጽ አሥራ ሰባት፤
ስለ ዓለም መነሻ የሚያወራበት
ፊቱ ተገንጥሎ። ከዚህ በላይ ሹፈት አለ?

ልጄ ሙንተሃ፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ ከእንግሊዝኛው ትመልስልኛለች፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው ድምጿን ከፍ ታደርጋለች።
ግማሹን ዝናብ ይበላዋል፤ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ፤
እንግዲህ ከማውቀው ሰማይ ግማሹን እኔ ሠርቻለሁ።

"ፀረ-ቁስ" አለችኝ አንድ ሌሊት፣ "የቁስ ግልባጭ ነው፤
ሲነካኩ ይጠፋፋሉ፣ የሚቀረው ብርሃን ነው።"
"እንደ ዕዳና ክፍያ?" አልኳት። ሳቀች። "እንደሱ በለው።
መጀመሪያ እኩል ለእኩል ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ተጠፋፉ፤
ከየቢሊዮኑ አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ቁሶች ተረፉ።
ለምን? አይታወቅም።"

የዱቤ ደብተሬን አየሁት፦ ነዚፍ ሰማንያ፣ ቀዩ ባጃጅ አርባ።
እኔ ሂሳብ ዘግቼ ሃያ አምስት ሳንቲም ሲተርፈኝ
እስኪነጋ እንቅልፍ የለኝ።
እና ይሄ ሁሉ፣ የጅሬን ዳገት፣ ቦዬ ረግረግ የሚያጉረመርም ጉማሬ፣
የልጄ ሳል፣ ግራሶ የጠጣው ጥፍሬ፣
ምክንያቱ የጠፋ ትርፍ ሳንቲም ነው?

ስለ ፍንዳታ ግን ለኔ አትንገሪኝ አልኳት።
የአይሱዙ ጎማ ፊቴ ላይ ፈንድቶ ያውቃል፣
ግራ ጆሮዬ ይኸው እስከ ዛሬ ይጮኻል።
ፍንዳታ ሲበትን እንጂ ሲሠራ አላየሁም።
ሰማዩም ከዚያ ቀን ወዲህ ያፏጫል ትላለች፤
አንድ ሕመም ነው ያለን፣ ሁለታችንም አልታከምንም።

ጠመኔ አነሳች። ከመነዳሪው ላይ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ።
"ንፋው" አለችኝ። ነፋሁት። ነጥብ ከነጥብ
ራቀ፤ ሁሉም ከሁሉም፤ መሀል የሚባል የለም።
"አየህ፣ ፈነዳ ሳይሆን ተነፋ።"
"በማን ኮምፕረሰር?" አልኩ። "ምን ውስጥ ነው የሚሰፋ?"
ገጾቹን ገለበጠች።
"አባ፣ እሱ የተቀደደው ጋ ነው።"

መብራት ሄደ። ዝናቡም ቆመ።
በአዌቱ ማዶ ደመናው መዳፍ በምታህል ተሸነቆረ፤
ከዋክብቱ በዚያ ፈሰሱ። እጄ ማስቲሽ ላይ ቀረ።

ጠዋት አንድ ባጃጅ በቸርኬው እየተጎተተ መጣ፤
"ፍጠን ጎሚስታ፣ ተሳፋሪ ይዣለሁ!"
ደፈቅሁት። ውሃው የትናንት ጎማ አጥቁሮታል፤
ጎንበስ ብዬ፣ በደህናው ጆሮዬ፣
አረፋ እጠብቃለሁ።

"አገኘኸው?" ይለኛል።

"ቆይ።"