ያለ ረዳት

ደንቡ አጭር ነበር፣ አንዲት ወረቀት፦
«ከኮምቦልቻ ላሊበላ፣ ሦስት ቀን፣ ያለ ረዳት።
አስፋልት፣ ጠጠር፣ የከብት መንገድ፤ ምርጫው ያንተ ነው።
የሚሸጠውን ግዛ፤ የሚሰጠውን ተው።»

ፈረምሁ። ሃያ ዓመት የሰው ካላማዳሪ ስለጥፍ ኖሬ
የራሴ ጎማ ቦርከናን ተሻግሮ አያውቅም ከሰፈሬ።

በሶ ሁለት ኪሎ፣ ፖምፓ፣ ማስቲሽ፣ ሦስት ትርፍ ራጂ፣ ካቴና።
ጓዙን ሳስር ባለቤቴ መዲና
«በወሎ ምድር ስንቅ? ሰው አለቀ እንዴ?» ብላ ሳቀችና
ጨው ቋጠረችልኝ። ይህም እገዛ ይባላል?
                    አልተነሳሁም፤ ገና።

ሐረጎን በሌሊት ወጣሁ፤ ጠመዝማዛው አያልቅም፤
የሲኖትራክ መብራት ጥላዬን ገደል ይከተዋል፣ አያወጣልኝም።
አንዱ ረዳት በመስኮት፦ «ጋሼ፣ ጫነውና ግባ!»
«ክልክል ነው» አልሁት፤ ሳቁ ከነመኪናው ደሴ ገባ።

ከኩታበር ወዲያ መንገዱ ጠጠር ሆነ፣ ጠጠሩ ድንጋይ፣
ድንጋዩ የበሬ ዱካ፣ የበሬው ዱካ ሰማይ።
አንዴ ወደቅሁ። ሁለቴ የኋላው ጎማ ተነፈሰ፤
ጣቴ ሥራውን ያውቃል፣ በጨለማም ይለጥፋል፤ ዓይኔ ግን አለቀሰ።
ከአቧራው ነው።

የበሽሎ ቁልቁለት ፍሬን ይበላል። እጄ ዛለ፤
ሙቀቱ ከታች ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፣ «መጣህ?» እያለ።
ውሃዬ አልቋል። በሶ ያለ ውሃ አፈር ነው፤
                    ወንዙም አፈር ነው፣ የሚሄድ።
ከድልድዩ አጠገብ አንድ ሰው፣ ወገቡ ላይ የተጠመጠመ ገመድ፤
ስሙ አሊጋዝ፣ የደላንታ ሰው፣ ኦፓል ቆፋሪ፤
ሳልጠይቀው ጀሪካኑን ዘረጋልኝ፦ «አብሽር፣ ጠጣ፣ ዘዋሪ!»

«ሽጥልኝ» አልሁት።

አንድ ዝንብ የጀሪካኑን አፍ ሁለት ጊዜ ዞረ።
«ውሃ?» አለ። «እኔ? ለመንገደኛ?»
                    ብዙ ቆየ፣ አልተናገረ።

ደንቡን አነበብሁለት፣ ላብ ያራሰውን ወረቀት።
ሰምቶ ሲጨርስ፦ «ይህን የጻፈው ሰው ጠምቶት ያውቃል? ወይስ ጎረቤት
የለውም?»

ከኪሱ ድንጋይ አወጣ፣ እንደ ጥርስ ነጭ፣ የደረቀ።
ውሃ አንጠባጠበበት፤ ጠበቅን፤ ጥላው ከእግራችን ራቀ፤
ድንጋዩ ቀስ ብሎ ጠራ፣ የመዳፉ መስመር በውስጡ ይነበባል።
«ይህም ድንጋይ ነው» አለኝ። «ውሃ ሲሰጡት ይቀበላል።»

ጠጣሁ።
ጉሮሮዬ ደንቡን ሲውጠው ሰማሁት።

ወገል ጤና ላይ፣ በውርጭ፣ አንድ መምህር የክፍል ቁልፍ ሰጠኝ፤
ጋሸና ላይ ነፋሱ ከነብስክሌቴ አጋደመኝ፤
ሁለት ሴቶች አነሱኝ። ምስጋናዬን ነፋስ ነጠቀኝ።

ላሊበላ ስደርስ ፀሐይ ጠልቃለች። መዝጋቢው ወጣት
እርሳሱን አሹሎ፦ «እገዛ ነበር?»
«ጨው» አልሁት። «ውሃ። ቁልፍ። አራት የሴት እጅ። ቁጣም አለበት፣
የአንድ ሰው ዝምታ።»
እርሳሱ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ስሜ ላይ ሄደበት።

አንደኛ የወጣው ልጅ ጥግ ላይ፣ ጎማው ተንፍሶ ቆሟል።
ለጠፍሁለት። «ስንት ልክፈል?» ሲለኝ፣
ሃያ ዓመት ዋጋ የጠራ አፌ ተቆልፏል፤
ያ ዝንብ ዞረ።

ቆይቼ፦ «ሃምሳ ብር» አልሁት። አሊጋዝ አይስማኝ፤ መመለሻ አልያዝሁም።
በማግስቱ የአውቶቡሱ ረዳት ብስክሌቴን ጣራ ላይ ሲያስር
ከታች ቆሜ ገመዱን አቀበልሁት።
                    «ስንት ነው?» አላለኝም።