ቆዪ፣ አትንኪኝ

ሐመልማል ያልኳት እኔ ነኝ፤ ሚያዝያ ነበረ፣
የዱርሃም ዛፍ ሁሉ ለምልሞ ያደረ።
በማዋለጃው መስኮት አረንጓዴ ብርሃን ገብቶ
ከአንሶላዋ ላይ ተኝቶ፣
ስም ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም፤ ያየሁትን ጠራሁ።
የጠላቷ ስም መሆኑን ዘግይቼ ተረዳሁ።

በአራት ዓመቷ ደረቷ እንደ ማንቆርቆሪያ አፏጨ፤
ዓይኗ ሚጥሚጣ እንደገባው ቀልቶ እንባ ረጨ።
ዶክተር ሊንድግሬን ክንዷን በእስክሪብቶ አሰመረች፣
ሃያ ቦታ በመርፌ ነካ ነካ አደረገች።
ሩብ ሰዓት ጠበቅን። አሥራ አንዱ አበጠ፤
ኦኩም፣ ሻጋታውም፤ ሣሩ ግን ከሁሉም በለጠ።
«ከሣር አርቋት» አለችን።
እጄን ኪሴ ከተትኩት፤ ጥፍሬ ሥር አረንጓዴ ነው።
የሰው ግቢ አጫጅ ነኝ፤
እንጀራዬ ሣር ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሕግ አለው፣ ፍሪጅ ላይ የተለጠፈ፣
በእናቷ በየሺመቤት እጅ የተጻፈ፦
እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት መስኮት አይከፈትም።
የታጠበ ልብስ ደጅ አይሰጣም።
ነፋስ ካለ መናፈሻ የለም፤ ዝናብ ካባራ ይታሰባል።
ጫማ ጋራዥ ይቀራል።
ፀጉር ሳይታጠብ ትራስ አይነካም።
አባት ሳይታጠብ ልጅ አይነካም።
(የመጨረሻዋን የጨመርኩ እኔ ነኝ፤
እሷ ልትጽፋት አልደፈረችም።)

መጋቢት ሲጋመስ ጥዱ ያራግፋል፣
መኪናው ላይ እርድ የነሰነሱ ይመስላል።
ቢጫውስ ይታያል፤ ክፉው የማይታየው።
ማታ ስመለስ ሐመልማል መስታወቱ ጀርባ ናት፣
አፍንጫዋን ለጥፋ፣ በትንፋሿ ጉም ሠርታ።
በጣቴ ኮፈኑ ላይ፣ በዚያ ቢጫ ዱቄት፣
«ሐ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ሐመሩ ሐ፣ የስሟ መግቢያ።
እሷም ጉሙ ላይ ትገለብጠዋለች።
ሐ ደግነቱ ከወዲህም ከወዲያም ያው ሐ ነው፤
መ ላይ ነው ጣጣው፤
እኔ ጋ ሲደርስ ጀርባውን ይሰጠኛል።
እንዲህ ስንል ስንል «ል» ላይ ደረስን፣
ሌሊት ዝናብ ጣለና ደብተራችንን አጠበብን።
ማግስቱን መስኮት ከፈትን።

መኸርም ፋታ አይሰጥ። የሚስተር ሆሊስ ጓሮ
ቅጠሉ በእርጥብ ተከምሮ፣
ሹካዬን ስሰድበት እንደ አሮጌ ጎተራ ይተነፍሳል፤
ጭንብሌ ውስጥ ሆኜ የልጄ ሳል ይሰማኛል፣
እሷ ግን ትምህርት ቤት ናት።

ትናንት ማታ ጋራዥ ውስጥ ተገፈፍኩ፣
ልብሴን ከነሸተቱ ማጠቢያው ውስጥ ወረወርኩ።
«አባዬ!»
«ቆዪ፣ አትንኪኝ።»
ሁለቴ ሳሙና፣ ሦስቴ ውኃ።
«አሁንስ?»
«አሁንማ ነዪ።»
መጣች። እንደ ጉምሩክ ፈታሽ አንገቴን አሸተተች፣
ከጆሮዬ ኋላ አንዲት የሣር ቅንጣቢ አገኘች።
በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ልክ እንደ ጊንጥ፣
እስከ ቆሻሻ ቅርጫቱ ድረስ ተሸከመቻት።
«ይቺን ረስተሃታል» አለችኝ።
አስነጠሳት። አንዴ ብቻ።
«ይማርሽ» አልኳትና
ወደ ሻወሩ ተመለስኩ።