ሁለት ፉርጎ፣ አንድ ገመድ

ሥራዬ ቀላል ነው፦ ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ
ሞተር ማስነሣት ነው፣ ደወሉን ከታች ሰምቼ፣ በሩን ዘግቼ ቀድሜ፤
አንዱ ፉርጎ ሲወጣ አንዱ ቁልቁል ይወርዳል፤
የባልፓራይሶ ሰው ከወደብ ወደ ቤቱ በእኔ እጅ ይሄዳል።

ኦስቫልዶ ሲሞት፣ ባሌ፣ ፖስታ ተወልኝ በመሳቢያ፤
«ለክፉ ቀን» ይላል በእርሳስ፤ ሌላ የለውም ማብራሪያ።
ቆጠርኩት። ደግሜ ቆጠርኩት። ዓመት አልፎ ስቆጥር
ፔሶው አልጎደለም፤ የዳቦው ነው የጨመረ ቁጥር።
ያኔ ገባኝ፦ ገንዘብ ዝም ብሎ ከተኛ
ሳይሰረቅ ይሰረቃል፤ ሌባ የለው፣ የለው ዳኛ።

ባንክ ሄድኩ። ጋስቶን የሚሉት፣ ባለ ሰማያዊ ከረባት፣
«ለእኔ ይተዉልኝ» አለኝ። «ዋጋህስ» አልኩት «ስንት?»
ሳቀ። ወረቀቱን ገለበጥኩ፤ ከታች፣ በጉንዳን ፊደል፣
ከመቶ ሁለት ተኩል ይላል፣ ባተርፍም ባልታደል።

«ራሴ እማራለሁ» አልኩ። የልጅ ደብተር ገዛሁ፤
በሁለት ጉዞ መሃል፣ በሰባት ደቂቃ፣ ጥያቄ አበዛሁ።
አክሲዮን ምንድን ነው? ቦንድስ? ወለድ ወለድ ሲወልድ?
(ይሄን አንዱን አውቀው ነበር፤ ብድር አስተምሮኛል በግድ።)

ከዚያ ቸኮልኩ። ልናገር እንጂ ጥፋቴን፦
ዓሣ ሻጩ አኒባል «መዳብ ሊንር ነው» ቢለኝ፣ ግማሽ ሀብቴን
በአንድ ድርጅት ላይ ጣልኩት።
ሦስት ሳምንት ሽቅብ ወጣ። በአራተኛው ተንሸራተተ፤
ስልኬ ትራሴ ሥር፣ ሌሊቱ ሳይነጋ ሰነበተ።
ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሸጥኩት፤ ከመቶው ሰላሳ ቀለጠ።
በመስከረም ዋጋው ተመልሶ ከገዛሁበት በለጠ።
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ ያቺስ ታድላ!
የእኔን የለቀመው ሌላ ነው፤ ተረጋግቶ፣ ቁርሱን እየበላ።

አንድ ጭጋጋማ ማክሰኞ
ፉርጎዎቹን አየሁ፤
ሰላሳ አንድ ዓመት አብሬያቸው
ያን ቀን ገና ለየሁ።
ወራጁ ነው ወጪውን በክብደቱ የሚያነሣ፤
እኔ ግን በአንድ ፉርጎ ነበር የተንጠለጠልኩ፣ ያለ አቻ፣ ያለ ካሳ።

አሁን በየወሩ፣ ደሞዝ በገባ ማግስት፣
ከብዙ ድርጅት ቁንጥር እገዛለሁ፣ ከቦንዱም ጥቂት።
ዋጋ የማየው እሑድ፣ አንዴ ነው፤ ከዚያ ስልኩን እዘጋለሁ፣
የድመቷን ጆሮ አካለሁ።

በዓመቱ ትርፌን ደመርኩ፦ የአንድ ጥንድ ጫማ ሶል ዋጋ።
ሶሉን አስለወጥኩ፤ ግራው ይጮሃል ስራመድ፣ ክረምት ከበጋ።
ያ የጠፋው ሰላሳ ግን አልተመለሰም እስካሁን፤
በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ አለ፤ አልሰርዘውም መቼም ቢሆን።

ትናንት ጋስቶን ተሳፈረ፣ ነፋስ ከረባቱን ሲያንገላታ፤
«ራስዎ ጀመሩ አሉ፣ ዶኛ ኤርሜሊንዳ፤ ምን ልግዛ?» አለኝ በሹክሹክታ።
በሩን ዘጋሁ። ሁለቴ ደወልኩ።
«መጀመሪያ ትኬት፤ አልከፈልክም» አልኩ።