ታፔላ

ቀለም ቀቢው መጣ፣ ብሩሹን ከጆሮው ሰክቶ፣
ታፔላችንን ከበሩ አውርዶ፣ ከመስኮቱ አስጠግቶ፣
«ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። በፊደል ነው የሚያስከፍል።
አዲሱ ፈቃድ ደግሞ ስማችንን አስረዝሞ
«ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚል ጭራ አክሏል።
አያ ሙሄ ቢሰማ ይስቅ ነበር።
የእርሱ ኃላፊነት መች ወሰን ያውቅ ነበር፣
ከሐርቡ እስከ ባቲ ወፍጮ የቆመባቸው ሁሉ
በሌሊት በሩን ሲመቱ፣ «ተነሥ፣ አገር ጦሙን አደረ» እያሉ።

«ቆይ» አልኩት ቀቢውን፣ «አሮጌው መጀመሪያ ይውጣ።»
የሽቦ ብሩሽ ያዝኩ፤
ላሜራው እንደ ቁርጥማታም ሽማግሌ ተንጣጣ።

አረንጓዴው ቀድሞ ለቀቀ። አባቴ ያስቀባው ነው፣
ከሰማንያ አምስት ወዲህ ያለው ዘመን ያደረበት፤
ከጥጉ ሁለት ቀዳዳ አለበት።
ያን ኅዳር ሸሽተን ኮምቦልቻ ስንመለስ
ሁለት ሰው የሚሸከመው ሁሉ ሄዷል፤
ሞተሩ፣ የብየዳው ማሽን፣ የሻይ ብርጭቆ ሳይቀር።
የቀረው የቶርኖው አልጋ ብቻ ነበር፣
ክብደቱ ያዳነው፣ ባዶ ቤት መሐል የተጋደመ።
አክስቴ ሩቂያ ዞረችው፣ ደባበሰችው እንደ ታመመ፣
«አብሽሩ» አለች፣ «አልጋው ካለ እንግዳው ይመጣል።»

ከሥሩ ቀይ። «የብረታ ብረት ኅብረት ሥራ፣ ቁጥር ሰባት»።
አያ ሙሄን በገዛ ቤቱ፣ በወር ደመወዝ ቀጠሩት።
ጧት ጧት የራሱን መዶሻ በፊርማ ይረከባል፣
ማታ ማታ በፊርማ ያስረክባል።
ካርኒው አሁንም አለኝ፦ «መዶሻ፣ አንድ። ሁኔታው፦ ደኅና።»
አሥራ ሦስት ዓመት ያው ቃል፣ በራሱ እጅ።
የመዶሻውን ነው ወይስ የራሱን ጤና?

ሰማያዊው ብቅ ሲል እጄን ቀስ አደረግሁ።
«ሙሄ አበጋዝና ልጆቹ»፤ ጎበዝ ነው የጻፈው።
ያን ጊዜ ልጆች የሚባሉ አልነበሩም፤
የሁለት ዓመቷ ሩቂያ ብቻ፣ ጥርሷ ገና ያልሞላ።
ጸሐፊው «ልጆቹ የታሉ?» ቢለው
«የቶርኖው ዕዳ ሲያልቅ ይመጣሉ» አለው።
የሸጠለት ከጦርነቱ ተርፎ የቀረ ጣሊያን ነው፣ ሲኞር ቤርቶ፣
ግማሹን በሴት አያቴ በመዲና የብር አምባር፣
ግማሹን በሦስት ዓመት ጉልበት አስልቶ።
ልጆቹ መጡ። ቀድማ የነበረችው ግን በለጠች፤
ካቻቪቴ ከጆሮዋ ደግፋ የኩሽኔታ ሕመም ታደምጣለች፣
«ይህ እስከ መስቀል፣ ያ እስከ አረፋ» ብላ ዕድሜውን ትቆርጣለች።

ከሰማያዊው በታች ቀለም የለም።
የጭነት መኪና በር ነው፣ ራቁት ብረት፣
በሚስማር የተጫረ ጽሑፍ አለበት፦ «ቡዳ ቤት»።
ልጅ ሳለሁ፣ ጀምበር ከጎን ስትመታው፣
በቀለሙ ሥር አንድ መስመር ሲጠማዘዝ ይታየኝ ነበር፤
የቦርከና ካርታ ይመስለኝ ነበር።
ማን እንደ ጫረው አናውቅም። ምናልባት ማረሻ ያሠራ፣
በቀን መንገድ ተሻግሮ የሚያልፈው፣
በጨለማ ግን ስሙን የሚጠራ።
አያ ሙሄ መዶሻ በእጁ ነበር፤
ቀጥቅጦ ማጥፋት ይችል ነበር።
ስሙን ከላዩ አስጻፈበት፤ ጭረቱን አልነካም።
ለምን? ስለ ብረት እንጂ ስለ ሰው አያወራም።

«በስቱኮ ልድፈነው?» አለኝ ቀቢው፣ ጣቱን ጭረቱ ላይ አኑሮ።
«ተወው። ከላዩ ቀባ።»
«ነገ ይታያል እኮ! ሥራ አያውቅም ይሉኛል።»
«ይታይ።»
ትከሻውን ነቅንቆ ፊደል መቁጠር ጀመረ፣
«ኃላፊነቱ» ላይ ሲደርስ ዋጋ ጨመረ።
ልንከራከር አፋችንን ስንከፍት
አክስቴ ከውስጥ ጮኸች፣ በሰባ ሁለት ዓመቷ ከቶርኖው ያልተለየች፦
«ያን ታፔላ አንሡልኝ፣ መስኮቱን ጋረዳችሁ!
ሚክሮሜትሩን ማንበብ አቃተኝ፣ ምን ሆናችሁ?»